ያልተጠየቀ ዋስ

አምና በእግሬ ነበር የዞርኩት፣ ፍላሽ አንጠልጥዬ፣
አራት ፎቅ ሙሉ፣ "ይቅርታ፣ አንዴ ወንበርዎን" ብዬ።
መስኮት ብቅ ይላል፦ ይህን ሰርተፍኬት ታምናለህ?
እሺ።
በእርግጥ ታምናለህ?
እሺ። እሺ።
መቶ አርባ ሁለት ኮምፒውተር፣ በሦስት ቀን፣ በአንድ ጣት።
በሦስተኛው ማታ ባለቤቴ "ራት ቀርቧል" ስትለኝ
ጠረጴዛውን ነካ አደረግሁት እንጂ አልመለስኩላት።

ዘንድሮ አሥራ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ከመካከላቸው
"ዝም" የምትል ቃል አለች፣ እሷ ናት ጉልበታቸው።
ዝም ብለህ ግባ፣ ዝም ብለህ ትከል፣
መስኮት አትክፈት፣ "ታምናለህ ወይ?" አትበል።
የቁጠባ ማኅበራችን ሠራተኛ በሙሉ
ጠዋት ሲመጣ አምኖ ይገኝ፣ ሳያውቀው በውሉ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። የሐዋሳ ሐይቅ ንፋስ
የዓሣ ሽታ ይዞ በተሰበረው መስታወት ይገባል።
አባ ኮዳዎች ከመንገዱ መብራት አናት ላይ
ጡረታ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ቆመዋል።
በስክሪኑ ስሞች ይወርዳሉ፦ ሒሳብ አንድ፣ እሺ።
ገንዘብ ያዥ፣ እሺ። ሥራ አስኪያጅ፣ እሺ።
ሃመሶ ዘበኛው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወጣ።
"ድምፅ የለም፣ መብራት አለ፤ ማነው የመጣ?"
"ሰው አይደለም፣ ሰርተፍኬት ነው።"
"ይሁና፤ በየት በር ገባ? በሩ ላይ ሆኜ አላየሁት።"
በምን ቋንቋ ላስረዳው? "የኔን ስም ጻፍ" አልኩት።
በዚያች ሌሊት ገጽ ላይ
ብቻዬን ገባሁ፣ ብቻዬን ወጣሁ።

መቶ አርባ አንዱ እሺ አሉ። አንዷ እምቢ።
ሦስተኛ ፎቅ፣ የዋስትና ፋይል ክፍል፣ የወይዘሮ ምሻሜ።
ምክንያቷንም ጽፋልኛለች፦
ይህ ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም።

ሲነጋ ወጣሁ፣ አንኳኳሁ። ቀኗን አየሁት፦
ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ ናት።
"ማነው ይህን የነካ?"
"እኔ ነኛ!" አሉ፣ መነጽራቸውን አውርደው፣
"ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ በፈረንጅ ቀን ሞልቶት ሄደ፤
ገና ያልኖርነውን ዓመት በሰው ዕዳ ላይ ላትመው?"
ልከራከር አሰብኩ፤ ዳሩ ማሽኗም ልክ ናት፣
እሳቸውም ልክ። ስህተት ከየት ላምጣ በዚህ ጠዋት?

"ለመሆኑ ሌሊቱን ምን ስትሠራ አደርክ?"
"ዋስ ሳስገባ። ለሚመጣው መልእክት ሁሉ የሚቆም ዋስ።"
"ባለቤቶቹን ጠየቅክ?"
"ተኝተው ነበር።"
መሳቢያ ሳቡ። ሦስት ጉርድ ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣
የደመወዝ ማስረጃ፣ ለማይፈርም የአውራ ጣት መቀቢያ።
"እዚህ ቤት ዋስ አንኳኩቶ ነው የሚገባ" አሉኝ፣
ቀጥለውም ከታች አንድ ቢጫ ፋይል አውጥተው አሳዩኝ።
የኔው ፊርማ። "ባጃጅ ልግዛ" ያለኝ ባልንጀራዬ፣
ዲላ ደርሼ ልምጣ ብሎ በዚያው የቀረው።
ዕዳው ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ።
በፎቶው ላይ ፂም የለኝም።
እሳቸውም ምንም አላሉ።

ቀኑን አስተካከልኩ። መስኮቱን ከፈትኩላቸው።
ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ "ታምናለህ ይላል? ታምኛለሽ አይልም?"
አላልኳቸውም እንጂ ያን ያህል አልተማረም።
እሺን ራሳቸው ተጫኑ፣ ቀስ ብለው፣
ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሰው።
የኛን ዘመን ግን በእስክሪብቶ ጽፈው
ከስክሪኑ ጥግ ለጠፉት።

ማታ ስክሪፕቱን ከፈትኩ፤ አሥራ ሁለተኛ መስመር አከልኩ፣
ማሽን የሚዘላት፣ ለሰው ዓይን ብቻ የተተወች፦
ሦስተኛ ፎቅ። አንኳኳ።